«ቢያንስ ነርሲንግ» ላልኳት ተማሪዬ፦ አብሮ የመማር ታሪክ ከቆላ ድባ እስከ ቡና ከተሞቻችን

የዛሬው ጽሑፍ ይረዝማል። ቡና ተፈልቶ ከሆነ አቦሉን ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ እስከ በረካው ድረስ እናወራለን።

ባለፈው እሁድ ማታ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ላኪዋ በ9ኛ እና በ10ኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን ነርሲንግ ተመራቂ ሆናለች። የት እንደምትማር አልናገርም፤ የምታወራው ፕሮግራም ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስላለ ነገሩ የአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ፈቅዳልኝ መልእክቷን እንዳለ ላስፍረው፦

«ቲቸር እንደምን ነዎት? በሚቀጥለው ሳምንት ለቲቲፒ ልንወጣ ነው። ከሜዲስን፣ ከጤና መኮንን፣ ከፋርማሲ፣ ከላብራቶሪ ልጆች ጋር አንድ ግቢ ልንቀመጥ። በፊት የወጡት 'ሪፖርቱን ሜዲስኖቹ ያቀርባሉ፣ ሽሮውን ነርሶቹ ይሠራሉ' ብለውናል። እውነቱን ለመናገር ልቤ አልፈለገውም። ለምንድነው ግን አብረው የሚያወጡን? እርስዎ የታሪክ መምህር ነዎት፤ ይሄን ነገር ማን እንደጀመረው ይንገሩኝና ልራገመው። ሃሃሃ።»

እኔም ስቄ ልመልስላት ስል ሌላ አንድ መስመር ተከተለ።

«ደግሞ አስታውሳለሁ፣ የዲፓርትመንት ምደባ የወጣ ጊዜ እርስዎም 'አይዞሽ፣ ቢያንስ ነርሲንግ ነው' ብለውኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ወረቀት ማረም የለም። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ማለቴ ትዝ ይለኛል። ለእረፍት መጥታ ትምህርት ቤት በር ላይ ነው ያገኘኋት፤ ላጽናናት ብዬ ነው። ግን «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ምን እንዳለ እኔ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ የጠየቀችኝን ልመልስላት፤ ማን ጀመረው?

ቆላ ድባ

ታሪኩ የሚጀምረው ከጅማ አይደለም፤ ከጎንደር ደቡብ፣ ከጣና ሐይቅ ሰሜን፣ ከደንቢያ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገባ። ወደ 7 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ያን ዘመን አስቡት። በአገራችን አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ እነሱም የሚገኙት በከተማ ነው። የገጠሩ ሰው ዕድል ካለው ድሬሰር ያገኛል፤ ከሌለው ደግሞ ፈጣሪውን።

ሐኪም አሠልጥኖ እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም ነበር። ስለዚህ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ እና በዚያን ጊዜ «ፖይንት ፎር» ይባል የነበረው የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም ተባብረው ነው ያቋቋሙት።

ልብ በሉ፣ ኮሌጁ አንድ ዓይነት ባለሙያ ብቻ አይደለም ያሠለጠነው። ሦስት ዓይነት ነው፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ እና ሳኒተሪያን። ለምን ሦስት? ወባ የያዘውን ሰው የሚያክም ያስፈልጋል። ቤት ለቤት ሄዶ እናቲቱንና ሕፃኑን የሚከታተል ያስፈልጋል። ትንኟ የምትራባበትን ረግረግ የሚያደርቅ፣ ምንጩን የሚያጎለብት፣ ሽንት ቤት የሚያስቆፍርም ያስፈልጋል። አንዱ ከጎደለ የሁለቱ ልፋት ውኃ ይበላዋል። ዛሬ ያከምከው ሰው ነገ ከዚያው ረግረግ አጠገብ ያድራልና።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ ሰዎች ተመርቀው አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ መሥራታቸው ካልቀረ፣ ከመመረቃቸው በፊት ለምን አብረው አይወጡም? ኮሌጁም ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ላከ። ቆላ ድባ ራሷ ከመለማመጃዎቹ አንዷ ሆነች። ሰው ያለቀባት ቦታ የትምህርት ቦታ ሆነች ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ ልጅ፣ ልትረግሚው የፈለግሽው ነገር በአንድ ፕሮፌሰር ቢሮ የተፈለሰፈ አይደለም። ችግር ነው የወለደው።

ከጎንደር ወደ ጅማ

ታሪክ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1978 የጎንደሩ ኮሌጅ በምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ እገዛ የሐኪሞች ትምህርት ቤት ሆነ። የጤና መኮንን ሥልጠናም በዚያ ዘመን ተቋርጦ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ሳይመለስ ቆየ። ሐኪም ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የተሰናሰለው ቡድን አንድ እግሩን አጣ።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978፣ በዛሬዋ ካዛኪስታን በምትገኘው አልማ አታ ከተማ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው ስለ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅ መግለጫ አወጡ። መግለጫው ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ አዋላጇም፣ የመንደር ጤና ሠራተኛውም እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ ሆነው መሠልጠን አለባቸው ይላል። ጎንደር ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ የሞከረውን ነገር ዓለም በጉባኤ አጸደቀው ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ጅማ እንምጣ። ጅማ ለትምህርት አዲስ አልነበረችም። የእርሻ ትምህርት ቤቷ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተ ነው፤ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎች ሳይቀሩ ትምህርት የጀመሩት እዚሁ ጅማ ነው። ሆስፒታሏም ጣሊያን በ1930 ዓ.ም ገደማ ለወታደሮቹ ብሎ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በ1992 ዓ.ም የእርሻ ኮሌጁና የጤና ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የዛሬውን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፈጠሩ።

ኢንስቲትዩቱ ሲጀምር አንድ ሐሳብ ይዞ ጀመረ፤ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት። ተማሪው ከግቢ ሳይወጣ መጽሐፍ ጨርሶ ከተመረቀ በኋላ «ሕዝቡን አገልግል» አይባልም፤ እየተማረ ሕዝቡ ውስጥ ይገባል። ዩኒቨርሲቲው እስከ ዛሬ «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል መፈክር የያዘው ከዚያ የወረሰው ነው። ሐሳቡ በሁለት መንገድ ወደ ሥራ ገባ። አንዱ ተማሪዎች በየዓመቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ቀበሌዎች የሚወጡበት፣ «ሲቢቲፒ» የምንለው ነው። ሌላው በመጨረሻው ዓመት የተለያየ ሙያ ተመራቂዎች በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ላይ የሚመደቡበት፣ «ቲቲፒ»፣ የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም ነው።

በአጋሮ መንገድ፣ በሰርቦና አሰንዳቦ በኩል በአዲስ አበባ መንገድ፣ በሸቤ በኩል በቦንጋ መንገድ ያደጋችሁ ሰዎች ይሄን እኔ ልነግራችሁ አይገባም። እነዚህ ከተሞች ለዘመናት የተማሪ ቡድን የተቀበሉ ናቸው። ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች ጥራዝ ታቅፈው በጭቃ ሲሄዱ፣ ሕፃናት «ዶክተር! ዶክተር!» እያሉ ሲከተሏቸው ያላየ ማን አለ? ሕፃናቱ ሁሉንም «ዶክተር» ነው የሚሉት፤ ነርሷንም፣ ላብራቶሪውንም። ከሁላችንም ቀድመው እኩልነት የገባቸው እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ቡድኑ ምን ይሠራል?

ለማታውቁት በአጭሩ። ቡድኑ ውስጥ ሜዲስን፣ ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ ፋርማሲ፣ ላብራቶሪ፣ አካባቢ ጤና ይኖራሉ፤ እንደ ዓመቱ አዋላጅና ሌሎችም ይጨመራሉ። ከፊሉ ጊዜ ጤና ጣቢያው ውስጥ በሽተኛ በማየት ያልፋል። ሌላው ጊዜ መንደር ለመንደር ነው። ቤቶችን ቆጥረው፣ መጠይቅ ይዘው ይጠይቃሉ፦ ስንት ሰው አላችሁ፣ ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ሕፃኑ ተከትቧል ወይ፣ የሚያስል ሰው አለ ወይ።

ከዚያ ማታ ማታ ጭቅጭቁ ነው። ያገኙትን ችግር ሁሉ በሰሌዳ ይዘረዝሩና ነጥብ ይሰጣሉ፦ ችግሩ ምን ያህል ሰፊ ነው፣ ምን ያህል ይገድላል፣ በእጃችን ባለው አቅም ይፈታል ወይ፣ ሕዝቡ ራሱ ያስጨንቀኛል ይላል ወይ፣ መንግሥትስ ትኩረት ሰጥቶታል ወይ። እዚህ ላይ ነው ሙያና ሙያ የሚጋጨው። ለሜዲስኑ ትልቁ ነገር የሚገድለው ነው። ለአካባቢ ጤናው ምንጩ ነው። ነርሷ ደግሞ «እናቶቹ ያለቀሱት በሌላ ነገር ነው» ትላለች። ተከራክረው አንድ ዕቅድ ያወጣሉ፤ አብረው ይሠሩታል፤ ሠርተው ውጤቱን ይለካሉ፤ በመጨረሻ ሪፖርት ያቀርባሉ።

በመኸር ከወጡ ሌላ ትምህርት ይጨመርላቸዋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ስለሆነ ቀን ቤት የሚገኝ ሰው የለም። ጠዋት በሦስት ሰዓት የሚያንኳኳ ቡድን የሚያገኘው ውሻ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከለፉ በኋላ ይገባቸዋል፤ ወደ ማሳው መሄድ፣ ወይም አመሻሽ ላይ መምጣት። ይሄን የሚነግር መጽሐፍ አላየሁም።

የአባቴ አክታ

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ይሄን ታሪክ በክፍል ውስጥ ተናግሬ አላውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ከጅማ ብዙም በማትርቅ ቡና ከተማ ነው፤ ስሟን ልተወው። አባቴ ቡና መፈልፈያ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ነበር። ጀንፈል ሲፈለፈል አቧራው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር ገለባ ይመስላል። አንድ ዓመት ማሳል ጀመረ። እናቴም፣ ጎረቤትም፣ እሱም «የገለባው አቧራ ነው» አልን። እየከሳ መጣ። «ሥራ በዝቶበት ነው» አልን።

በስንት ልመና ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄደ። የመረመረው ሰው አክታ ይታይ ብሎ ጻፈለት። አባቴ አክታ ሰጠ፤ በማግሥቱም ተመልሶ ሰጠ። ከዚያ ግራ ገባው። ላብራቶሪው መስኮት ላይ «ውጤቱ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል» ያሉት ይመስለዋል። ሐኪሙ ጋ ሲገባ ደግሞ «ውጤት ይዘህ ና» ያሉት ይመስለዋል። አባቴ አያነብም። ለጊዜው የተጻፈለትን ሽሮፕና ክኒን ከፋርማሲው ተቀብሎ ወደ ቤቱ መጣ። እኛም «ታክሟል» ብለን ተኛን።

ከሳምንታት በኋላ አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። አምስት ስድስት ሆነው ነበር፤ የቲቲፒ ተማሪዎች ናቸው። መጠይቁን የያዘችው ልጅ እናቴን ትጠይቃለች፣ እኔ ደግሞ ጋዋናቸውን አያለሁ። «በቤቱ ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው አለ?» አለች። እናቴ «ኧረ እሱ የገለባ አቧራ ነው» ብላ በእጇ ወደ ጓዳ አመለከተች። ልጅቷ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍ ትችል ነበር። ሌላ ብዙ ቤት ይጠብቃቸዋል፤ እየመሸም ነው። አላለፈችም። ዱካ ላይ ቁጭ አለችና አባቴን «ጋሼ፣ አክታ ሰጥተው ነበር?» አለችው።

«ሰጥቼ ነበር።»

«ውጤቱስ?»

አባቴ ዝም አለ። ልጅቷ ዞር ብላ ከኋላዋ የቆመውን ረጅም ልጅ አየችው። ኋላ እንደተረዳሁት እሷ ነርሲንግ፣ እሱ ላብራቶሪ ነበሩ። ስሙን ጻፈ። በማግሥቱ መዝገቡን ገልብጦ አገኘው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል፤ ፖዘቲቭ። የሳንባ ነቀርሳ።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ቤታችንን ቤቱ አደረገው ማለት ይቻላል። ሜዲስኑ አባቴንም እኛንም ልጆቹን መረመረን። ጤና መኮንኗ ሕክምና መዝገብ ላይ አስገባችው። የፋርማሲው ልጅ እናቴን አስቀምጦ መድኃኒቱን አንድ በአንድ አስረዳት፤ «ሽንቱ ቀይ ይሆናል፣ ደም አይደለም፣ እንዳትደነግጡ፣ እንዳታቋርጡ» አላት። እውነትም ቀይ ሆነ፤ ያ ልጅ ቀድሞ ባይነግረን ኖሮ እናቴ ክኒኑን ወዲያውኑ ትጥለው ነበር። የአካባቢ ጤናው ልጅ ደግሞ መስኮት የሌለውን የጭቃ ቤታችንን ዞሮ አየና ከአጎቴ ጋር ሆኖ ግድግዳውን በሱት። ያ መስኮት አሁንም አለ። ነርሷ በየሁለት ቀኑ እየመጣች ታየው ነበር።

ስምንት ወር ነበር ሕክምናው በዚያን ጊዜ። አባቴ ጨረሰው። ዛሬ 70 አልፎታል፣ ጓሮው ያሉትን የቡና ዛፎች ራሱ ይለቅማል፣ «ልርዳህ» ስለው ይቆጣል።

ለብዙ ዓመት በዚያ ተቋም ሠራተኞች ተናድጄ ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን አንዳቸውም ሥራቸውን አልበደሉም። ምርመራ ማዘዝ ያለበት አዟል። በማይክሮስኮፕ ማየት ያለበት አይቶ ጽፏል። መድኃኒት የሚሰጠውም በወረቀቱ ላይ ያለውን ሰጥቷል። ሁሉም የየራሱን በትክክል ሠርቶ አባቴ ግን ሊሞት ነበር። ስህተቱ በአንዱ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ያየው ነበር፤ በሁለት መስኮቶች መካከል ስለነበረ ማንም አላየውም።

ዓለም ኋላ ደረሰበት

ይሄ ነገር የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕፃናት ከሚጠበቀው በላይ ይሞቱ ነበር። ለዓመታት የቆየ ምርመራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 ሪፖርቱ ወጣ። መሣሪያም፣ የተማረ ሰውም ነበራቸው። ከጎደላቸው ነገር አንዱ የቡድን ሥራ ነበር፤ ባለሙያዎቹ እንደ አንድ ቡድን አልሠሩም፣ ችግር ያየውም ሰው ሲናገር በጊዜው አልተሰማም። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ታዋቂ ሪፖርት በየዓመቱ ከ44 ሺህ እስከ 98 ሺህ ሰው በሆስፒታሎች ውስጥ ሊወገድ በሚችል ስህተት እንደሚሞት ገምቷል።

የተለያዩ የጤና ሙያ ተማሪዎችን አብሮ ማስተማር እንደ አንድ የትምህርት ዘርፍ ስም ያገኘው በነዚህ ዓመታት ነው። በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ተማሪዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀላቅሎ ማስተማር ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 «ለጤና አብሮ ለመሥራት አብሮ መማር» የሚል ትርጉም ያለው ሰነድ አወጣ፤ በ2010 ደግሞ አገሮች ሁሉ እንዲከተሉት የሥራ ማዕቀፍ። በእነሱ አነጋገር የሁለት ወይም የበለጡ ሙያዎች ተማሪዎች ስለ ሌላው፣ ከሌላው እና ከሌላው ጋር ሲማሩ ነው አብሮ መማር የሚባለው።

ሦስቱን ነገሮች ለዩዋቸው። አንድ አዳራሽ ውስጥ አራት መቶ ተማሪ አስቀምጦ አናቶሚ ማስተማር «አብሮ መማር» አይደለም፤ አብሮ መቀመጥ ነው። የእኛ አክታ ታሪክ ግን ሦስቱንም ይዟል። ነርሷ ላብራቶሪው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ስለ ሌላው ተምራለች። ከእሱ ያላወቀችውን ጠየቀች። ከእሱ ጋር ሠራች። ውጤቱን ደግሞ እናንተ የምታነቡት እኔን ነው።

ዶክተሮቹ ሊንሾፒንግን ሲጠቅሱ ደስ ይለኛል። ግን ጎንደር በ1950ዎቹ፣ ጅማም ይህ ሁሉ ማዕቀፍ ሳይወጣ፣ ነገሩን በእግራቸው ሲሄዱበት እንደነበረ ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው። እኔ የማስተምርበት የታሪክ መጽሐፍ ላይ ጦርነት አለ፣ ንጉሥ አለ፣ ውል አለ። ቆላ ድባ የለችም።

ጉድለቱንም እናውራ

ታሪክ ሲወራ ማሞገስ ብቻ ከሆነ ቀረርቶ ይሆናል። እዚህ ከተሞች ውስጥ ስላደግሁ የሌላኛውንም ወገን ድምፅ አውቃለሁ።

በዓመቱ ሌላ ቡድን መጥቶ ያንኑ መጠይቅ ሲጠይቃት እናቴ «ዓምና ጽፋችሁ ነበር እኮ፤ መዝገቡ ጠፋ እንዴ?» አለቻቸው። ልጆቹ መልስ አልነበራቸውም። ትክክል ነበረች። ቡድን ይሄዳል፣ ቡድን ይመጣል፤ የበፊቱ ያወቀውን የኋለኛው ካላነበበ ሕዝቡ መማሪያ ደብተር ሆኖ ይቀራል። ሰፈራችን ውስጥ በደቦ ተሠርቶ የነበረ አንድ ምንጭ ነበር። ተማሪዎቹ ሲሚንቶ አምጥተው፣ ሰፈሩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በእልልታ ተመረቀ። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ አፈረሰው። ተማሪዎቹ ተመርቀዋል፣ ቀበሌው «የተማሪዎቹ ነው» ይላል፣ ማንም አልጠገነውም።

ቁጥሩም አለ። ዩኒቨርሲቲዎች በዙ፣ ተማሪውም በዛ። ስድስት ሰው ሆኖ ቤት ሲገባ የነበረ ቡድን ሃያ ሲሆን አምስቱ ይሠራሉ፣ ቀሪዎቹ ፎቶ ይነሳሉ። ይሄን ከዚህ ፕሮግራም ያለፉ የቀድሞ ተማሪዎቼ ራሳቸው ነግረውኛል።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን ልጅቷ የጻፈችልኝ ነው፤ ሪፖርቱን እነ እከሌ፣ ሽሮውን እነ እከሊት። አብሮ ማውጣት ብቻውን አብሮ ማሠራት አይሆንም። ግቢ ውስጥ ያለውን የደረጃ መሰላል ይዘው ከወጡ ገጠር ላይ ያንኑ መሰላል ይተክሉታል። ያን ጊዜ ልጆቹ የሚማሩት መተባበርን ሳይሆን ማን ከማን በላይ እንደሆነ ነው። ነገ ነርሷ የመድኃኒት መጠን ሲሳሳት እያየች «እኔ ማን ነኝና» ብላ ዝም ትላለች። በብሪስቶልም የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መሰላሉን የሚሠራው ማን ነው?

እዚህ ላይ ነው የማፍረው።

መሰላሉ የሚሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም። እኛ ጋ ነው፤ ሃይስኩል። ውጤት በተለጠፈ ቀን «ሜዲስን ይገባል ይሄ!» እያልን የምንጮኸው እኛ ነን። ጥሩ ያመጣውን ሐኪም፣ ትንሽ ያነሰውን ፋርማሲ፣ ከዚያ ያነሰውን ነርሲንግ፣ ከዚያ... እያልን ሙያን እንደ ቡና በደረጃ የምናበጥረው እኛ ነን። ቡናስ ቢያንስ ተቀምሶ ነው ደረጃ የሚሰጠው። እኛ ሙያውን ሳንቀምሰው ነው የምንፈርደው።

እኔ ደግሞ የዲፕሎማ መምህር ነኝ። ይሄን የማታውቁ ካላችሁ አሁን እወቁ። ሥራ በጀመርኩበት ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅርና፣ በአንድ ስብሰባ ላይ ስለ ትምህርት ዕቅድ ሐሳብ ሳቀርብ አንድ ባልደረባዬ በፈገግታ «አይዞህ፣ ቢያንስ ዲፕሎማ አለህ» አለኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም። ለሁለት ዓመት ያህል ስብሰባ ላይ አፌን አልከፈትኩም። ከዚያ በኋላ ያየሁት ስህተት ነበር፣ ልናገረው የሚገባ፤ አልተናገርኩም። «ቢያንስ» የተባለ ሰው ዝም ይላል።

ይሄን እያወቅሁ፣ በአንዲት ነርስ ጥያቄ የተረፈ አባት እያለኝ፣ ያንኑ ቃል አንስቼ ለተማሪዬ ሰጠኋት። ለዚህ ነው ወረቀቱን ማረም ያቃተኝ።

የኔ ልጅ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። በግል ጽፌልሻለሁ፤ ግን «ቢያንስ» ያልኩሽ ሰው በሚሰማበት ቦታ ስለሆነ ይቅርታውንም ሰው በሚሰማበት ልበል።

ማን ጀመረው ላልሽኝ መልሱ ይሄው ነው። የጀመረው በደንቢያ ያለቀው ሕዝብ ነው፣ እንዳይደገም ብለው ሦስት ሙያ አንድ ላይ ያሰለፉት ናቸው፣ ሐሳቡን ጅማ ላይ ደግመው የተከሉት መምህራን ናቸው። መራገም ከፈለግሽ መንገዱ ክፍት ነው። ግን መጀመሪያ ውጪና እዪው።

ስትወጪ ሦስት ነገር አድርጊልኝ። መጀመሪያ፣ ከመጠይቁ በፊት የዓምናውን ቡድን ሪፖርት ፈልጋችሁ አንብቡ፤ የሰው እናት «መዝገቡ ጠፋ ወይ» እንዳትላችሁ። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠዋት ላብራቶሪው ውስጥ፣ አንድ ጠዋት ፋርማሲው መስኮት ጀርባ ቁሚ፤ እነሱም አንቺ ጋ ይቁሙ። ወረቀት የሚጠፋበትን ቦታ ያን ጊዜ ታዪዋለሽ። ሦስተኛ፣ ሪፖርቱ ላይ ያንቺን ክፍል ራስሽ ቆመሽ አቅርቢ። «ድምፄ ይንቀጠቀጣል» እንዳትይኝ፤ 9ኛ ክፍል ስለ ዐድዋ ስታቀርቢ እንዴት እንደነበርሽ እኔ አውቃለሁ።

አመሻሽ ላይ ደክሟችሁ፣ መጠይቁ ላይ ምልክት አድርጎ ማለፍ ሲያምርሽ ደግሞ፣ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ በር ሥር ቆሞ ጋዋንሽን እያየ ሊሆን እንደሚችል አስቢ።

ከቲቲፒ ያለፋችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሁሉ፣ የት ነበር የወጣችሁት? ምን ሠራችሁ? ምንስ ፈረሰ? እዚህ ሥር ጻፉላት፤ ሳትወጣ ታንብበው።

ሽሮውን ግን በተራ ሥሩት።